ቀዳዳ የሌለው ቁልፍ

ልጆቼ፣ ምክር በየት በር እንደሚመጣ አይታወቅም። እኔ ያን ዕለት ከቤቴ የወጣሁት የቀሚሴ ጠርዝ ተተርትሮብኝ እንጂ ምክር ፍለጋ አልነበረም።

ልብስ ሰፊው የድሮ ጎረቤቴ ነው። የሥራ ክፍሉ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ የልጅ ልጁ ተቀምጣለች። «እሜቴ» ይላታል። የቁልፍ ቆርቆሮውን ዘርግፋ የሸሚዙን ለብቻ፣ የካፖርቱን ለብቻ ትደረድራለች። እሜቴ ኦቲዝም አለባት። ሰው ትክ ብሎ ሲያያት አትወድም፤ ድንገተኛ ጩኸት ያስለቅሳታል፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ግን ወዳጇ ነው። በዚያ ላይ ሐሳቧ አይረጋም፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ ሌላ ነገር ይጎትታታል። ለዚህኛው ሐኪም በየጠዋቱ የምትውጠው ክኒን አዝዞላታል። እናቷ ሥራ የምትገባው በማለዳ ስለሆነ፣ ቁርሷንና ክኒኗን ሰጥቶ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት አያቷ ነው።

«አረፍ በይ እህቴ፣ ይቺን እጅጌ ልጨርስ» ብሎኝ ተቀመጥኩ። ወዲያው የእሜቴ እናት ከሥራ መጣች። የእሱ ልጅ ናት፤ ትምህርት የዘለቃት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ።

«እንዴት ዋሉ እትዬ?» ብላኝ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ የነገው ቀጠሮ አስጨንቆኛል። መምህሯ ‹ምንም ለውጥ አላየሁም› ብላኛለች። ሐኪሙ ደግሞ ለውጥ ከሌለ መጠኑን ከፍ እናደርጋለን ብሏል።»

መኪናው ቀጥ አለ። «ከፍ? ለዚች ጫጩት?»

«ታዲያ ምን ይሁን? አልሠራላትማ!»

ልብስ ሰፊው መቀሱን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሣ። የሚቆረጥ ነገር ግን አልነበረም።

ያን ጊዜ እሜቴ ቀና ሳትል፣ «ይኼ ቀዳዳ የለውም» አለች። «ይኼም የለውም። ይኼም።»

እናቷ ጎንበስ ብላ አየች። ከነጮቹ የሸሚዝ ቁልፎች ጎን ትንንሽ ነጭ ክኒኖች በሰልፍ ተደርድረዋል። እኔ ልውጣ ብዬ ብነሣ በሩን እናትየው ይዛዋለች፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«አባዬ! ምንድን ነው ይኼ?»

«መድኃኒት መጣል ነውር መስሎኝ ከቁልፉ ጋር…»

«ነውሩስ እዚህ ማስቀመጡ ነው! እሷ ሁሉንም ባንዴ ብትውጠውስ? የደንበኛ ሕፃን ከረሜላ መስሎት ቢያነሣውስ?»

አንገቱን ደፋ። ይህን አላሰበውም ነበር።

«ስሚኝ ልጄ» አለ። «መጀመሪያ ሰሞን ሰጥቻታለሁ። ምሳዋን እንዳለ ይዛ ትመለስ ጀመር። እኔ ስሰፋ ከመኪናው ጋር የምታንጎራጉራት ነገር አለች አይደል? ጠፋችብኝ። ቁጭ፣ ዝም! እሜቴን ወስደው አሻንጉሊት የመለሱልኝ መሰለኝና መስጠቱን ተውኩ። ደግሞስ ቀዥቃዣ ልጅ ዛሬ ነው የተፈጠረው? አንቺን ያሳደገሽ ክኒን ነው?»

«እኔንማ ቁጣና ቁንጥጫ አሳደገኝ፤ ቻልኩት። አጎቴስ ቻለው?»

ልብስ ሰፊው የጀመረውን እጅጌ ወደ ጎን ገፋ። ወንድሙን እኔም አውቀዋለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶት፣ ሲገረፍ ኖሮ፣ «ሰነፍ» ተብሎ በልጅነቱ ከትምህርት የቀረ ሰው ነው። ሰነፍ አልነበረም። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ለእንዲህ ያለ ልጅ ሌላ ስም አያውቅም ነበር።

«አባዬ፣ ክኒኑ ኦቲዝሟን አያጠፋም፤ እኔም እንዲያጠፋ አልፈለግሁም። ቁልፍ መደርደሯም ማንጎራጎሯም የራሷ ነው። እንዲያግዛት የምፈልገው የጀመረችውን እንድትጨርስ ብቻ ነው። አንድ ጫማዋን አድርጋ ሌላውን ረስታ ስታለቅስ አይተሃታል። ያ ዝምታዋና ምሳ መተዋ እኮ ትልቅ ወሬ ነበር! መጠኑ በዝቶባት፣ ወይም መድኃኒቱ ሳይስማማት ቀርቶ ይሆናል። አንተ ደበቅከኝ፤ እኔ ሳላውቀው ለሐኪሙ ‹ትውጣለች› ብዬ ዋሸሁ፤ እሱ ደግሞ በውሸታችን ላይ ሊጨምርባት ነው።»

«ለደግ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደንበኛ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ቢለካ ሱሪው ይሆነዋል?»

«የት ይሆነዋል! ቁጭ ሲል ይተረተራል፤ ከዚያ መጥቶ እኔን ይሰድባል።»

«ጥፋቱ የሰፊው ነው?»

«የደንበኛው ነው እንጂ! ልኩን የደበቀ ሰው…» አለና ቆመ። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ በጣቱ ይጠቀልለው ጀመር። «ቆይ… ነገ ቢጨመርላትና እኔ ፈርቼ ሙሉውን ብሰጣትስ…» አልጨረሰውም። እሜቴን አያት። «ነገ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ግን ሐኪሙ ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

እኔም አላስቻለኝም። «ያየኸውን ትናገራለህ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? አንቺም ልጄ፣ ‹ስጣት› አልሽው እንጂ ‹ምን አየህባት?› ብለሽ መቼ ጠየቅሽው?»

ፊቷ ቀላ። «እውነትዎን ነው እትዬ» አለችና ክኒኖቹን አንድ በአንድ ለቅማ ያዘች።

በማግሥቱ ሦስቱም ሄዱ። ሐኪሙ አልተቆጣም አሉ፤ እንዲያውም አያትየውን አስቀምጦ ብዙ ጠየቀው። መጠኑን መጨመሩ ቀረ። ዝቅ አድርጎ እንደ አዲስ አስጀመራት፤ ቁርሷን በልታ እንድትውጠው፣ አያቷም የሚያየውን ሁሉ እንዲናገር አዘዘ።

ሰንበት ብዬ ሌላ የሚጠገን ልብስ ይዤ ሄድኩ። ክኒኑ ከፍ ካለ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እሜቴ የአንድ ሸሚዝ ቁልፍ ሳታጎድል መርጣ ለአያቷ አቀበለችው፤ ከመኪናውም ጋር ታንጎራጉራለች። ሁሉ ነገር ተቃናላት አልላችሁም። አሁንም ምሳዋን የምትተውበት ቀን አለ፤ ማታ ያካክሱላታል፤ ለሐኪሙም ይነግሩታል። ጆሮዋን ይዛ የምታለቅስበት ቀንም አለ። ክኒኑ ለዚያ አይደለምና አያቷ ቀስ አድርጎ የስፌት መኪናውን ያንቀሳቅስላታል።

ልጆቼ፣ የአንዱ ልጅ ልክ ለሌላው አይሆንም፤ መስጠቱንም መተዉንም ከሐኪሙ ጋር ተመካከሩ። ያያችሁትን ግን አትሸሽጉ፤ ያየውንም ሰው ጠይቁ።

ኋላ በሄድኩበት ቀን ልወጣ ስል አንድ ቦርጫም ደንበኛ ሆዱን ስቦ ሊለካ ቆመ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ዘርግቶ ጠበቀው።

«ተንፍስ ጌታዬ! ካሁን ወዲያ እዚህ ቤት የተደበቀ ልክ አይሰፋም።»

«ተንፍስ» አለች እሜቴም ከወለሉ፣ ቀና ሳትል።

ሰውየው ሳቀ፤ ሆዱም ወደ ቦታው ተመለሰ።