ዛፉ ሄደ

ስዕል ስለምችል ቀበሌው የባቡር ሠራተኞችን እንዳስተምር መደበኝ። ክፍላችን ድሬዳዋ ጣቢያ የቆመ አሮጌ ፉርጎ ነበር። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ ተማሪዎቼ የአባቴ እኩዮች ናቸው። የዚያን ቀን የቀበሌው ካድሬ ሊገመግመኝ ይመጣል፤ ካልወደደው መባረሬ ነው። በመስኮቱ የሚታየውን ዛፍ እንዲስሉ ነገርኳቸው። "ከቦታችሁ ሳትነሡ፣ ያያችሁትን ብቻ!" ብዬ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ።

ፉርጎው ነቅነቅ አለ። "መምህርት፣ ዛፉ ሄደ" አሉ ሐዲድ ጠጋኙ ጋሽ ታደሰ። የቀለዱብኝ መስሎኝ አፍሬ ሰሌዳው ላይ መጻፌን ቀጠልኩ። ዞር ስል ቀጣዩ ጣቢያ፣ ሽንሌ ልንደርስ ነው፤ ለካ ከዕቃ ባቡር ጋር ቀጥለውን ኖሯል! "ምነው ጋሽ ታደሰ፣ አይነሡም ነበር?" ብላቸው፣ "አትነሡ አልሽና አቦ!" አሉ።

ሌላ ባቡር ሲመልሰን ካድሬው ጣቢያው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "ይሄ ነው ማስተማር?" ብሎ ሲጮህ የሳሉባቸውን ወረቀቶች ሰጠሁት። ሁሉም ላይ ግማሽ ዛፍ፣ ከጎኑም ቆቡን ይዞ፣ አፉን ከፍቶ ፉርጎ የሚያባርር ሰው ተስሏል። ካድሬው አንድ በአንድ አያቸው። "ሆዴ እንዲህ ትልቅ ነው?" አለ።

"ያዩትን ነው የሳሉት" አልኩ ቀስ ብዬ።

ሆዱን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ የግምገማ ወረቀቴን ፈረመልኝ።