ሽማግሌ የሌለበት ፊልም

እስቲ ፍረዱኝ። የፍቅረኛዬን የሜሮንን እናት፣ እትዬ አስካለን፣ ከሚኖሩበት ከክሬሰንት ታውን በሰብዌይ ባቡር ወስደን መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ ሲኒማ አስገባናቸው። ፊልሙ ከድሮ የእንግሊዞች የፍቅር ልቦለድ የተሠራ ነው፤ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በሹክሹክታ እተረጉማለሁ። ባለጸጋው ሰውዬ ልጅቷ ፊት ተንበረከከ።

"ምን አላት?"

"አግቢኝ አላት።"

"ሽማግሌ ሳይልክ?" አሉ፣ ከፊታችን ያሉት ሁሉ እስኪዞሩ። ልጅቷ እንቢ ስትለው ደግሞ "እሰይ! አሳዳጊ ያልበደላት!" ብለው አጨበጨቡ። ሜሮን "ማሚ፣ ፕሊስ!" ትላለች። እኔ ሳቄ አመለጠኝ።

እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተን ደግሞ ምን ያስቅሃል? ልጄን ይዘህ ከሲኒማ ሲኒማ ስትዞር ሦስት ዓመት ሞላህ። ሰውዬውስ ሽማግሌ ቢያጣ አፍ አለው!"