የአሰልጣኝ ክሬል ሁለት ጣቶች

አሰልጣኝ ሃርቪ ክሬል ሰኞ ጠዋት ተባረሩ። ወሬውን የሰማሁት ክፍል ውስጥ ሒሳብ እያስተማርኩ ነው። አንዲት ተማሪ ስልኳን አየችና "ወይኔ!" ብላ ጮኸች። ልቆጣት ዞር ስል የሁሉም ስልክ በአንዴ ተንጫጫ። ወንዶቹ ብድግ አሉ፤ የአንዱማ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔም ጠመኔውን እንደያዝኩ ክው ብዬ ቀረሁ። የኮሌጃችንን ቡድን ሠላሳ አራት ዓመት ያሠለጠኑ፣ አሥራ አንድ ዋንጫ ያመጡ ሰው፣ ውድድሩ ሳያልቅ በመሐል እንዴት ይባረራሉ?

በኛ ከተማ በቶርንቢ ቅዳሜ ማለት ፉትቦል ነው። ስሙ የእግር ኳስ ይባል እንጂ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ታቅፎ ከሰው ጋር መላተም ነው። መጀመሪያ ሰሞን እኔንም ገርሞኝ ነበር። በኮሌጁ ሃያ ሁለት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ድምፄ ሳይዘጋ ቤቴ ገብቼ አላውቅም። ስለዚህ ያን ሰኞ የኮሌጁ ቦርድ አብዷል ካሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ረቡዕ ዕለት ጎማዬን ሚስማር ወጋውና መኪናዬን ጎማ ቤት ወሰድኩት። መጠበቂያዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ አቶ ኤልደን ፍሪሰን ተቀምጠዋል። አቶ ኤልደን ጡረታ የወጡ ገበሬ ናቸው። የቀኝ እጃቸውን የቀለበት ጣት ግማሹን የበቆሎ ማጨጃ ማሽን ወስዶባቸዋል። በዚያው እጃቸው ነው እንግዲህ ኳሷ የተጓዘችበት ርቀት የሚለካበትን ሰንሰለት ይዘው፣ ክሬል ከመጡ ጀምሮ አንድም ቅዳሜ ሳይቀሩ፣ በተጋጣሚው ወገን ባለው የሜዳ ጠርዝ ላይ የሚቆሙት። ጉልበታቸው ላይ ወፍራም የወረቀት ክምር አለ።

"መምህር! እግዜር ነው የላከህ። በል፣ ሃርቪ ይመለስ ብለህ ፈርም።"

"ስንት ሰው ፈረመ?"

"ስድስት መቶ አሥራ ሁለት! ነገ ቦርዱ ሲሰበሰብ አፍንጫቸው ሥር ነው የማኖረው። ለቅዳሜው ጨዋታ ሃርቪ ወደ ሜዳው ይመለሳል፤ የልጅ ልጄ ቦዲም ይሰለፋል። ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎት ነው የተቀመጠው። ሃርቪ ለመጨረሻው ጨዋታ አስገባዋለሁ ብሎ ቃል ሰጥቶኛል። አዲሱ ተተኪ ግን ዶክተር ይጠየቅ፣ ነርስ ይጠየቅ እያለ ይልፈሰፈሳል።"

ብዕሩን ተቀበልኳቸው። ልፈርም ስል ከጥጉ ወንበር አንድ ድምፅ መጣ።

"መምህር፣ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ልበል?"

ጆሊን ሽራግ ናት። ኮፍያዋን ዝቅ አድርጋ ስለተቀመጠች አላየናትም ነበር። ይህች ልጅ የዚሁ ከተማ ገበሬ ልጅ ስትሆን፣ የሰውነት ጉዳት ሕክምና ተምራ ካለፈው ዓመት ወዲህ የቡድኑ የጤና ባለሙያ ናት። ክሬልን ያስባረረው ሪፖርት የተጻፈው በእሷ እጅ መሆኑን ከተማው በሙሉ ያውቃል። የአቶ ኤልደን ፊት እንደ በርበሬ ቀላ።

"ደህና ዋሉ አቶ ኤልደን።"

"ምን ደህና አዋልሽኝ! የአባትሽ ትራክተር ሲበላሽ ማሳውን ያረስኩለት እኔ ነኝ። ልጁ አድጋ ከተማውን ታፈርሳለች ብሎ ማን ጠረጠረ?"

"ማሳው ትዝ ይለኛል። ውኃ ያቀበልኩዎት እኔ ነበርኩ።"

"ታዲያ ምነው ጉድ ሠራሽኝ? ሚስቴ ቬርና የሞተች ዕለት ስልሳ ተጫዋች ክራቫቱን አስሮ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው። ሣጥኗን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ማን አዘዛቸው? ሃርቪ! ይኼንን የተማርሽው ሳይንስ ይለካዋል?"

"አይለካውም" አለች ጆሊን በእርጋታ። "ደግነታቸውን አልካድኩም። እኔንም የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው።"

"ይኸውልህ መምህር! በአፏ ተናገረችው!"

እውነቱን ለመናገር እስከዚህ ድረስ ልቤ ከሽማግሌው ጋር ነበር። የወጣቷ ጨዋነት ደስ ቢለኝም የቀረበላት ክስ ቀላል አይደለም። አቶ ኤልደንም መርታታቸውን አውቀው ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ።

"የቢሮውን ቁልፍ የቀየሩበትስ? ሠላሳ አራት ዓመት የሠራ ሰው በሩ አልከፈት ብሎት ኮሪደር ላይ እንደ ሌባ ቆሞ በስልክ ነው የተነገረው!"

"እሱ ነውር ነው። ቦርዱንም ፊት ለፊት ነውር ሠራችሁ ብያቸዋለሁ። ግን አቶ ኤልደን፣ የተነገራቸው በነውር ስለሆነ ውሳኔው ስህተት ነው ማለት አይደለም።"

"ሰው ሲያጠፋ መጀመሪያ ይመከራላ! ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋላ!"

"ሦስቴ ጽፌያለሁ። በሦስተኛው ኮሌጁ አንድ ነገር ብቻ ለመናቸው። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ይመለስ አይመለስ የሚለውን የጤና ባለሙያዋ ትወስን፣ የቀረው ሁሉ የእርስዎ ነው፣ ሥራዎም ይቀጥላል አሏቸው። ምን ብለው የመለሱ ይመስልዎታል?"

"ምን አለ?"

"'በኔ ሜዳ ላይ ሐኪሙ እኔ ነኝ' አሉ።"

አቶ ኤልደን ጭናቸውን መትተው ሳቁ። "ሃርቪ ነዋ! ሌላ ምን ሊል ኖሯል? ደግሞ እውነቱን ነው። የጣት ምርመራውን አላየሽም? ልጁ ተመትቶ ሲመጣ ሃርቪ ፊቱ ላይ ጣቱን ይደቅናል፤ 'ስንት ነው?' ይለዋል። ልጁ 'ሁለት!' ይላል። 'ግባ!' ነው ከዚያ በኋላ። አለቀ። ሆስፒታል ቢሄድ ግማሽ ቀን ይገተር ነበር።"

እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ይህን ቀልድ ስንት ግብዣ ላይ አውርቼዋለሁ!

ጆሊን አልሳቀችም። "ሁልጊዜ ሁለት ጣት ነው የሚያሳዩት?"

"ሁልጊዜ።"

"ልጆቹስ ሁልጊዜ ሁለት መሆኑን ያውቃሉ?"

"እንዴት አያውቁም! አዲስ የመጣ ልጅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይነገረዋል። ምንም ብትመታ፣ ሰማይና ምድሩ ቢዞርብህ 'ሁለት' በል ይባላል።"

ይህን ከተናገሩ በኋላ አቶ ኤልደን አንገታቸውን አከክ አደረጉ። እኔም ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ። መልሱን አስቀድመን የምንነግርበት ፈተና ምን ዓይነት ፈተና ነው? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተማሪ ስፈትን የኖርኩ ሰው ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

"እና... ምን አለበት?" አሉ አቶ ኤልደን፣ ድምፃቸው ግን ወርዷል። "ስንቱ ገብቶ ተጫውቶ በደህና ወጥቷል።"

"ስንቱ በደህና እንደወጣ ማን ጠየቀ? እስቲ የዛሬ አራት ሳምንት ቅዳሜ ያየሁትን ልንገርዎት። ስም አልጠራም፤ ሕጉም አይፈቅድልኝም። አንድ ልጅ ክፉኛ ተመታ። ሲነሳ ወደኛ ወገን አልመጣም፤ ወደ ተጋጣሚዎቻችን ሄደ። እዚያ የነበረ ሰው አዙሮ መለሰው። አሰልጣኙ ሁለት ጣት አሳዩት፤ 'ሁለት' አለ። 'ግባ!' አሉት። እኔ መሐል ገባሁና ሦስት ጣት አሳየሁት።"

"እሺ?"

"'ሁለት' አለኝ።"

ከወዲያ ጎማ የሚነፋው ማሽን ይጮኻል።

"አንድ ጣት አሳየሁት። አሁንም 'ሁለት' አለኝ። ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም አቶ ኤልደን፤ ወዴት እንደሚያይ እንጃለት። አይገባም ብዬ ጮኽኩ። አሰልጣኙ ሳቁብኝና ትከሻውን ይዘው ወደ ሜዳ ገፉት። ከዚያ ወዲያ ሁለቴ ተመትቷል።"

የወረቀቱ ክምር ከአቶ ኤልደን ጉልበት ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተበተነ። ማንም ሊያነሳው አልጎነበሰም።

"አዙሮ የመለሰው ሰው..." አሉ። "ሰንሰለት ይዞ ነበር?"

ጆሊን ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

"እኔ ነኝ እኮ" አሉ ሽማግሌው። "እኔ ነኝ ያዞርኩት። 'ቦዲ፣ የኛ ወገን ወዲያ ነው' ብዬ ሄልሜቱን መታ መታ አደረግኩለት። ከዚያ... ከዚያ በጆሮው 'ሁለት በል' አልኩት። ለገዛ የልጅ ልጄ! ቁርጭምጭሚቴን ነው ብሎኝ አይደል እንዴ? ትናንት ደውሎ ያንኑ ወሬ ሁለቴ ሲነግረኝ ልጅነት ነው ብዬ ሳቅኩበት።"

እኔም ዝም ብዬ የምቀመጥበት ፊት አልነበረኝም። ቦዲ ፍሪሰን ተማሪዬ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት መስኮቱን ሸሽቶ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሲቀመጥ "የፊልም ተዋናዩ ሰላም ነው?" ብዬ ክፍሉን በሙሉ አስቄበታለሁ። አንዱን ጥያቄ ሁለት ቦታ ሠርቶ ያስረከበውን ፈተና ደግሞ "ልብህ የት ነው?" ብዬ በቀይ ጽፌ መልሼለታለሁ። አሁን ያን ሳስብ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

"ቅዳሜ ቢገባስ?" አሉ አቶ ኤልደን። "ሃርቪ ተመልሶ ቢያስገባውስ?"

"ስለ ማንም ልጅ ስጠየቅ መልሴ አንድ ነው። ያልዳነ አንጎል ዳግም ከተመታ ሊገድል ይችላል። ባይገድል እንኳ ልጁን ሌላ ሰው አድርጎ ሊያስቀረው ይችላል። እኔ አሰልጣኙን ጠልቼ አይደለም የጻፍኩት። አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።"

አቶ ኤልደን ተነሱ። መኪናቸው ክሪክ ላይ ተሰቅላለች፤ የኔ ግን አልቃ ወጥታ ነበር። "መምህር፣ ቦዲ ዘንድ አድርሰኝ" አሉኝ።

የቦዲ የመኝታ ክፍል በጠራራ ቀን መጋረጃው ተዘግቷል። ልጁ አልጋው ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ ተቀምጧል። አያቱን ሲያይ ፈገግ አለ። ሽማግሌው መጋረጃውን ጥቂት ገለጥ አደረጉና መነጽሩን ቀስ ብለው ከፊቱ አነሱ። ከዚያ ያቺን ግማሽ ጣት የቀረችበትን ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አራት ጣት አሳዩት።

"ቦዲዬ፣ ስንት ነው?"

ልጁ ዓይኑን ከብርሃኑ እየከለለ ወደ ድምፁ ዞረ። "ሁለት" አለ። "ሁለት ነው አይደል አያቴ? እገባለሁ አይደል?"

በሕይወቴ ብዙ አስደንጋጭ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ "ሁለት" ያለ ግን አልሰማሁም። አቶ ኤልደን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና የልጁን ራስ ደረታቸው ላይ አስደግፈው አለቀሱ። "አትገባም ልጄ፣ አትገባም" ይሉ ነበር ደጋግመው።

አቶ ኤልደን በማግስቱ ቦርዱ ፊት የቆሙት ወረቀቱን ሁሉ ሰብስበው ነው። አዳራሹን የሞላው የክሬል ደጋፊ ሲገቡ አጨበጨበላቸው።

"ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፈርሟል" አሉ። "ስድስት መቶ አሥራ ሁለታችንም ቀልዱን እናውቀው ነበር። ሃርቪ ወዳጄ ነው፤ ሚስቴን ቀብሮልኛል። ልጆቻችንን ግን በሁለት ጣት አይመረምርም። እኔ ስሜን አንስቻለሁ። ቁልፉን ስለቀየራችሁበት ደግሞ እናንተ ይቅርታ ጠይቁት።"

ከኋላ አንዱ "ከሃዲ!" ብሎ ጮኸ። እሳቸው ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ቦርዱ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ፤ አሰልጣኝ ክሬል ሳይከፍቱ መለሱት። እስከ ዛሬም አቶ ኤልደንን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሽማግሌው ይህ ያማቸዋል፤ አይደብቁትም።

ያን ቅዳሜ አርባ አንድ ለስድስት ተሸነፍን። እንዲህ ተዋርደን አናውቅም። ነገር ግን ሁለት ልጆች ተመትተው ሲወጡ ጆሊን "አይመለሱም" አለች፤ አልተመለሱምም። ያሾፈባት አልነበረም። ዛሬ በቶርንቢ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ጸጥ ያለ ክፍል ገብቶ በወጉ ይመረመራል፤ ሳይድን የማስገባት ሥልጣን ያለው አሰልጣኝ የለም። ወላጅም በዚያው ቀን ይደወልለታል። ልጆቹ ራሳቸው "ዞረብኝ" ለማለት ማፈር ትተዋል፤ ከዋንጫ ይልቅ ይህ ነው እኔን የሚያኮራኝ። አንባቢዬም የእርስዎ ሠፈር ሲስቅበት የኖረው ቀልድ ካለ፣ አንድ ቀን ሳይስቁ ያዳምጡት እላለሁ።

ቦዲ ፉትቦል ትቷል። ክረምቱን በሙሉ ራሱን ሲያመው ከረመ። ፀደይ ሲገባ ግን ያለ መነጽር መስኮቱ አጠገብ መቀመጥ ጀመረ፤ እኔም ያን ፈተና እንደገና ሰጠሁት፣ አለፈ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አቶ ኤልደን ደረጃው ላይ አስቆሙት። በየሳምንቱ የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ቁጥሩን እየለዋወጡ ይጠይቁታል። ያን ቀን እንደዚያ ረቡዕ አራት ጣታቸውን ዘረጉ።

ቦዲ እጃቸውን ትክ ብሎ አየ። ቀረብ ብሎ ደግሞ አየ።

"ሦስት ተኩል" አለ።

ሽማግሌው መጀመሪያ ደነገጡ። ከዚያ ያቺን ግማሽ ጣታቸውን ተመለከቱና፣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ እያለቀሱ ሳቁ።