ዒዳ ላይ የታተመው መጽሐፍ

ባሌ በመንገድ ላይ ሳለ መሞቱን ከመንጌ ወረዳ ደውለው የነገሩኝ ቀን፣ አሶሳ ውስጥ በማስተዳድራት ትንሽ ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ እሱ የሰበሰባቸውን የበርታ ሕዝብ ተረቶች እያረምኩ ነበር። ያንን መጽሐፍ በቀድሞው መንግሥት ጊዜ ለማሳተም ብንጠይቅ፣ ፈቃጁ ሰውዬ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ዓመታት አስቀምጦብን ነበር። ጊዜው ሲለወጥ ነው የራሳችንን ማተሚያ የከፈትነው።

ለቅሶው ሳያባራ የባሌ አጎት ሐጂ አንድ ነጋዴ ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ዒዳ ላይ ነሽ፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጪም። ማሽኑ ዝም ብሎ ከሚዝግ ለዚህ ሰው እንሽጠው" አሉኝ።

"መጽሐፉስ?" ብላቸው "እሱ ምን ያስቸኩላል?" አሉ።

እንባዬ ደረቀ። "ሐጂ፣ ያኔ የከለከለን ባለሥልጣን ነበር። ዛሬ ከልካይ ሲጠፋ እኛው እንከልክለው? ዒዳው እኔን ከቤት እንዳልወጣ ከለከለኝ እንጂ ማሽኑን ቤት እንዳይገባ አልከለከለውም" አልኳቸው።

ሐጂ ወደ ነጋዴው ዞሩ። "ወላሂ፣ ይቺ ሴት አትቻልም! በል ተነስ፣ ልትገዛ መጥተህ ልትሸከም ነው" አሉት።

የቤቴ በር ስለጠበበ መቃኑን ነቅለው ማሽኑን አስገቡት። ዒዳዬን ሳልጨርስ መጽሐፉ ታትሞ አለቀ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የባሌ ስም ብቻ አለ። መጽሐፉ እጃችሁ ከገባ፣ ወደ ተረቱ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያ ገጽ ላይ ትንሽ ቆዩና አላህ እንዲምረው ዱዓ አድርጉለት።