በኮሶ ቀን የተዘጋ በር

የአሰብን ሙቀት ያልቀመሰ ሰው ስለ ፀሐይ ባያወራ ይሻለዋል። እኔ ንጋቱ፣ በነዳጅ ማጣሪያው አሥራ አንድ ዓመት ከእሳት ጋር የኖርኩ፣ ቧንቧን በጆሮዬ አዳምጬ ሕመሙን የምለይ ቴክኒሽያን፣ በሰባ ስድስት ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ጥላዬ ራሱ ጥላ ፍለጋ እግሬ ሥር ሲገባ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ከበይሉል አጥማጆች የገዛሁትን፣ እኔን የሚያህል፣ እሺ ክንዴን የሚያህል ዓሣ አንጠልጥዬ ሳዘግም፣ ጤና ረዳቷ ትሩፋት ከጎረቤቴ ከጋሽ ሀብቴ ደጅ ቆማ አገኘኋት። ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ ቤት ለቤት እየዞረች የምታስተምር ወጣት ናት።

«ጋሼ ንጋቱ፣ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። አባባ የሉም እንዴ?»

«አሉ። ግን ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል። ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ቀርቅሮ ይውላል እንጂ እንግዳ አይቀበልም። ደንቡ ነው፤ በሌላ ቀን ነይ።»

«መቼ ጠጡ?»

«ጎህ ሲቀድ።»

«አብሯቸው ማን አለ?»

«ማን ይኖራል? ባለቤታቸው እትዬ እቴናት ደብረ ብርሃን ናቸው። እዚህ መደዳ ላይ ለእያንዳንዳችን አንድ አልጋና አንድ በር ነው የደረሰን።»

«ስንት ጠጡ?»

ተይዞ የማያውቅ ምላሴ እዚህ ላይ ተያዘ። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ሀብቴ ከአገር ቤት የተላከላቸውን የኮሶ ዱቄት ሲያሳዩኝ፣ «አንድ ኩባያማ የሕፃን ነው! እኔ ሁለት ጨልጬ ፈረቃዬን ገብቻለሁ» ብያቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ የወደብ መጋዘን ዘበኛ ይሁኑ እንጂ በማንም መበለጥ የማይወዱ ሰው ናቸው።

«ሁለት ኩባያ… ይመስለኛል» አልኩ።

ትሩፋት በሩን በትከሻዋ ገፋችው። እኔም ዓሣዬን ጥዬ አንድ ጊዜ ብደገፈው መቀርቀሪያው ከነምስማሩ ተነቀለ። ይህችን አልጨመርኩባትም።

ጋሽ ሀብቴ ከአልጋቸው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ወድቀዋል። ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ውሃ የሞላ ጀሪካን ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከአልጋው አራት እርምጃ ቢሆን ነው። እሱ ጋ መድረስ አቅቷቸው ነው።

«ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ያምጡ! ስኳርና ጨውም!»

ሮጬ አመጣሁ። «ለአንድ ሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው። ልክ ይሁን፤ አይቆለል» አለችኝ። ጭንቅላታቸውን ደግፌ፣ እሷ በማንኪያ ጠብ ጠብ ታደርግላቸው ጀመር። «እየዋጡ ነው። እምቢ ካላቸው ግን ተሸክመንም ቢሆን ሆስፒታል እንወስዳቸዋለን።»

አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ። የመጀመሪያ ቃላቸው «በሬን ማነው የሰበረው?» የሚል ነበር።

«እኛ ነን አባባ። ሊሞቱ ነበር።»

«በኮሶ ቀን ሰው ቤት ይገባል? ምን ያለው ዘመን ነው! ስሚ ልጄ፤ እኔ ኮሶ መጠጣት የጀመርኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው። ሐኪም የሚባለው የመጣው ትናንት። ይህ አርባ ሚሊዮን ሕዝብ እስከ ዛሬ በማን መድኃኒት ቆየ? ከመንደሬ ጤና ጣቢያ አንድ ቀን ተኩል በእግር ነው። ቢደርሱም ሰልፍ፤ ከሰልፉ በኋላም ‹ነገ ይምጡ› ነው። ኮሶው ግን ከደጅ ነው። ነገ ና አይልም!»

እዚህ ላይ ረቷት አልኩ በልቤ። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም።

«እውነትዎን ነው። ሕዝቡ ብዙ፣ ሐኪሙ ጥቂት ነው። በእግሬ የምዞረውም ለዚሁ ነው። ኮሶም ትሉን ይጥላል፤ አልክድም። ግን ልጠይቅዎ፤ ጥሬ ሥጋ ከበሉ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«እዚህ ሥጋ ማን ያያል? ጠዋት ዓሣ፣ ማታ ዓሣ። ወደዚህ ከተዛወርኩ ሁለት ዓመቴ።»

«በሁለት ዓመት ውስጥስ ኮሶ?»

«በየሁለት ወሩ። ደንቡ ነዋ።»

«ታዲያ የዛሬው ማንን ሊያስወጣ ገባ?»

ጋሽ ሀብቴ ጣሪያውን አዩ።

«ደብረ ብርሃን ብርድ ነው» አለች ትሩፋት። «ኮሶው ቢያስቀምጥዎም ሰውነትዎ ቶሎ አይደርቅም። አሰብ ግን ቁጭ ባሉበት በላብ ያልቃሉ። እዚያ መጠኑን የሚለካልዎ ማን ነበር?»

«እቴናት።»

«ሲደክምዎስ?»

«ደጁ ላይ በርጩማዋን አድርጋ ትቀመጣለች። ፈትሏን እየፈተለች በየመሀሉ ‹አለህ?› ትለኛለች። ‹አለሁ› እላለሁ። ሲመሽ ጎረቤቱ ‹እንኳን ተሻለህ› ብሎ ይሰበሰባል።»

«አባባ፣ የተዘጋውን በር ከአገርዎ ይዘውት መጡ። ደጁ ላይ የምትቀመጠውን ሰው ግን እዚያው ተዉዋት።»

እኔንም ቢሆን ከሰማሁት ሁሉ እንደዚያ የወጋኝ የለም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በእኔ ደጅ «አለህ?» ያለ ሰው አልነበረምና።

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ ጋሽ ሀብቴ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ለትሉ ብዬ አይደለም የምጠጣው። በኮሶ ቀን ቤቴ ትዝ ይለኛል።» ከዚያ ግን እንደገና እልሃቸው መጣ። «ቢሆንስ፣ ንጋቱ ሁለት ኩባያ ጠጥቶ ሥራ ገብቷል! እሱን ምነው አልጣለው?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሌላ ቀን ቢሆን ሦስት ኩባያ አደርገው ነበር።

«አልጠጣሁም፣ ጋሽ ሀብቴ። ቀመስኩና መረረኝ። ባሕር ውስጥ ደፋሁት።»

«ባሕር ውስጥ?»

«ባሕር ውስጥ።»

«ለካ ለዚህ ነው የአሰብ ዓሣ ትል የሌለበት!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል፣ ሳሉም ወደ እንባ ዞረ። «ልትገድለኝ ነበር እኮ፣ አንተ ሰው!» አሉ። ማንኪያውን ከትሩፋት እጅ ተቀብዬ ማጠጣቱን ቀጠልኩ።

ሰኞ ክሊኒክ አብሬያቸው ሄድኩ። ሰገራቸው ተመረመረ፤ ትል የሚባል የለም። «ቢገኝብዎ ኖሮ በልክ የተዘጋጀ ክኒን አለ፤ እዚሁ እያየንዎ ይውጡታል» አለቻቸው ትሩፋት። «የአገር መድኃኒት የወሰዱ እንደሆነም አይደብቁን። አንቆጣም፤ ሁለቱ ሆድዎ ውስጥ እንዳይጣሉ ነው።»

ዛሬ ጋሽ ሀብቴ ክሊኒኩ ሰልፍ ላይ ቆመው የሚያስተምሩት ራሳቸው ናቸው። «ሳትመረመር አትጠጣ! ልኩን ሳታውቅ አትጠጣ! ከሁሉ በላይ ብቻህን ዘግተህ አትጠጣ!» ይላሉ። እውነትም በእኛ መደዳ የታመመ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ይተኛል፤ ጎረቤቱም የስኳሩንና የጨውን ልክ በቃሉ ያውቃል። መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው ሐኪም እስኪያደርስ ድረስ፣ ይህን ማወቅ ስንቱን ከመቃብር አፍ ይመልሳል።

እሳቸው በየማለዳው ወደ መጋዘን ሲወርዱ በሬን ይመቱታል።

«ንጋቱ፣ አለህ?»

«ከሁለት ዓሣ ነባሪ ጋር እየታገልኩ ነው!»

«አለህ ማለት ነው» ብለው ያልፋሉ።

ቀድሜ ብነቃም፣ ይህችን ሳልሰማ ከአልጋዬ አልወርድም።