ከመዳፍ ወደ ኪስ

ሊፍቱ ከቆመ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነበር። ጋሽ መዳፍ የሚባሉት አንጋፋ የሊፍት ጠጋኝ ከዘጠነኛው ፎቅ በደረጃ ይወርዳሉ። የመፍቻ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንግተው ግራ እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ዘርግተውታል። በመዳፉ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከጣሪያው ሥር ባለችው የማሽን ክፍል ውስጥ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ያሳየው የብልሽት ምልክት ነው። ትርጉሙ ግን እዚያ አይገኝም፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ በድርጅቱ ቢሮ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁጥር ይዘው ሲወርዱ፣ ትርጉም ይዘው ሲወጡ ኖረዋል። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው። ለምን ወረቀት እንደማይዙ ለሚጠይቃቸው፣ “ወረቀት ይጠፋል፤ እጄ ግን ከእኔ ተለይቶ አያውቅም” ይላሉ።

አምስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሽቅብ የምትወጣ የእህታቸውን ልጅ አገኟት። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት፤ በሌላ ከተማ ትሠራለች። የመጣችው በማግስቱ ጠዋት እናቷን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ልትወስድ ነው። አጎቷን ስታይ ሻንጣዋን አስቀመጠችና፣ በአሳዳጊዎቿ ደንብ ዝቅ ብላ ሁለቱንም እጆቻቸውን ይዛ ሳመች። ጋሽ መዳፍ ለመከልከል ጊዜ አልነበራቸውም። እጃቸውን ሲያስለቅቁ ከስድስቱ አኃዝ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ አራቱ በልጅቷ መዳፍ ላይ ሰማያዊ ጭቃ ሆነዋል።

“ምን አደረግሽኝ ልጄ?” አሉ ቁጭ ብለው። “አራት ፎቅ መልሼ ልወጣ ነው። ወደ ማሽን ክፍሉ የሚያስወጣው መሰላልም አለ።”

“ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ቁጥር መሆኑን አላወቅሁም።” አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። “ግን ለምን ይወርዳሉ? ሳጥኑን ለምን እዚያው ሆነው አያነቡትም?”

“በምን ላንብበው?”

ልጅቷ ከካፖርቷ ኪስ አንድ ዕቃ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ከፈተችው። ከኪስ ማስታወሻ ደብተር አይበልጥም። በላይ በኩል ስክሪን፣ በታች በኩል እንደ ምስር የደቀቁ ቁልፎች አሉት። ጋሽ መዳፍ ሲያዩት ቁጣቸው ተነሣ። አሥራ አንድ ቀን ደረጃ የወጣና የወረደ ሰው መጫወቻ ሲያሳዩት ቢቆጣ አይፈረድበትም።

“ይህንን አውቀዋለሁ” አሉ። “ካፌ ተቀምጠው ‘የእኔ ከአንተ ያንሳል’ የሚባባሉ ጎልማሶች እጅ ላይ አይቼዋለሁ። አንድ ጎረቤቴ እንዲህ ያለውን ገዝቶ፣ ሦስት ወር ሙሉ የሠራበት ነገር ቢኖር የስክሪኑን ሥዕል መለዋወጥ ነው። ቁም ነገር የሚሠራ ዕቃ ቢሆን ሠራተኛ እጅ ላይ ባየሁት ነበር። ደግሞ ይህን ጣቴን ተመልከቺ፤ አንዴ ሲያርፍ ሦስት ቁልፍ ይጫናል። ፊደሉንስ በየትኛው ዓይኔ አነበዋለሁ?”

“ስለ ጎረቤትዎ አልከራከርም” አለች ልጅቷ ሳትቆጣ። “እኔም ደብዳቤ በዚህ አልጽፍም፤ ጣቴም ዓይኔም ይደክማል። ጠረጴዛና ወንበር ያለው ሰው ይህን ቢይዝ ለማስገረም ያህል ነው። እኔ የምጠይቀው ጠረጴዛ ስለሌለው ሰው ነው። እርስዎ ጠረጴዛ አለዎት?”

“ስልክ አለኝ።”

“ስልክዎ የሳጥኑን ፕሮግራም ይቀበላል?”

ጋሽ መዳፍ እንደማይቀበል ያውቃሉ። ፕሮግራሙ የተሠራው ከብዙ ዓመት በፊት ለኮምፒዩተር ነው፤ ቅጂው በፍላሽ ከቁልፋቸው ጋር ተንጠልጥሎ አብሯቸው ይዞራል። ከሳጥኑ የሚወጣው ኬብልም የማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰካበት አጥቶ አቧራ ለብሷል።

“ይህ ስልክ አይደለም ጋሼ፤ መጠኑ አነሰ እንጂ ሙሉ ኮምፒዩተር ነው። በቢሮው ኮምፒዩተር የሚሠራው ፕሮግራም በዚህም ይሠራል። ኬብሉም ይሰካበታል።”

“ላፕቶፕ አለን እኮ” አሉ እልህ ይዟቸው። “ባለ ትልቅ ስክሪን፣ እንደ ሰው ቁልፍ ያለው።”

“የት ነው?”

“ቢሮ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ።”

“ለምን አላመጡትም?”

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ማሽን ክፍሉ የሚያስገባው ግድግዳው ላይ የቆመ የብረት መሰላል ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ያልፋል፤ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ከአራት ዓመት በፊት ጋሽ መዳፍ ላፕቶፑን ለመጀመሪያ ጊዜ በብብታቸው ይዘው ሲወጡ አመለጣቸውና ሲሚንቶው ላይ ተፈጠፈጠ። የድርጅቱ ኃላፊ ሌላ ሲመጣለት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ኮምፒዩተር ከቢሮ እንዳይወጣም በማኅተም አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ያ ኮምፒዩተር አልወደቀም፤ አቧራም አልነካውም። በሥራ ሰዓት ተከፍቶ ትርጉም ይነበብበታል፤ ከዚያ ይቆለፋል። የሕንፃው ሰው ግን ሕፃን አዝሎ፣ ጋሪ ተሸክሞ፣ በየፎቁ እየተነፈሰ ይወጣል። ለዕቃው የታሰበውን ያህል ለሰው የሚያስብ አንድ እንኳ አልተገኘም። ይህ የሚያናድድ ነው፤ ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ ሁሉም መልመዱ ነው።

አጎትና የእህት ልጅ እየተከራከሩ ዘጠነኛ ፎቅ ደረሱ። እትዬ፣ የጋሽ መዳፍ ታላቅ እህት፣ በራቸውን ከፍተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ደረጃ ካስተዋቸው ሁለት ዓመት አለፈ፤ ዓይናቸው ደግሞ በሞራ ተጋርዶ ልጃቸውን የለዩት በእርምጃዋ ነው። የነገውን ቀጠሮ ሰባት ወር ጠብቀውታል። ቀጠሮ ያለፈው ሰው ወደ ሰልፉ መጨረሻ እንደሚመለስ ተነግሯቸዋል። ልጃቸውን ሳሟት፣ ፊቷን ዳበሱ፣ ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

“ሠራህልኝ?”

“ልሠራው ነው እትዬ። ቁጥሩን ይዤ ስወርድ ልጅሽ አጠፋችብኝ።”

“አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያጠፋችብህ እሷ ናት?” እትዬ ድምፃቸውን አላነሡም። “በመጀመሪያ የበሩ ሞተር ነው አልክ፤ ተቀየረ። ቀጥሎ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ነው አልክ። ትናንት ፍሬኑ ነው አልክ። ከሥር ያሉት ልጆች ደግሞ በወንበር ተሸክመን እናውርድዎት ይሉኛል። እኔ ቁም ሣጥን ነኝ? ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዳትናወጪ ብሎኛል፤ በወንበር ስመለስ ዓይኔን በእጄ ይዤ ልወጣ ነው?”

ጋሽ መዳፍ መሬት መሬቱን አዩ። እህታቸው አሳድገዋቸዋል፤ ፊደል ያስቆጠሯቸውም እሳቸው ናቸው። የእነዚያ ዓይኖች ዕድል በእሳቸው መዳፍ ላይ መንጠልጠሉ አንገበገባቸው። ንዴታቸው መውጫ ቢያጣ በልጅቷ ኪስ ላይ ተመለሰ።

“ልጅሽም መጫወቻ ይዛ መጥታ ሊፍት ልጠግን ትላለች።”

“እስቲ በእጄ ስጭኝ” አሉ እትዬ። ዕቃውን ተቀብለው አገላበጡት፣ መዘኑት፣ ቁልፎቹን ዳበሱ። “ይህ ኪስህ ይገባል?”

“ይገባል።”

“መሰላል ስትወጣ እጅህን ይይዝብሃል?”

“አይይዝብኝም።”

“እንግዲያው የተጣላኸው ከምኑ ጋር ነው? ከመልኩ ጋር? እኔ መልክ ማየት ካቆምኩ ቆየሁ። ይዘኸው ውጣ።”

ታላቅ እህት ተናግረዋል፤ ክርክሩ አበቃ። ልጅቷ ፕሮግራሙን ከፍላሹ ጫነች፤ ፊደሉን አጎላችላቸው፤ በአጭሩ አሳየቻቸው። “እኔ ልውጣ?” ስትል ግን ጋሽ መዳፍ አልተቀበሏትም። የሊፍቱ ኃላፊነት የእሳቸው ነው፤ ከተሳሳቱም በራሳቸው እጅ መሳሳት ይፈልጋሉ። ዕቃውን ደረት ኪሳቸው ከተው፣ ቆልፈው፣ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ኮምፒዩተር በዚያ ቀዳዳ ሲያልፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የኬብሉን አቧራ ጠርገው ሰኩት። ጣታቸው ለቁልፎቹ አልመጥን ሲላቸው እስክሪብቶውን አወጡና በክዳኑ ጫፍ አንድ በአንድ ይጫኑ ጀመር። ያ መዳፋቸውን ሲቀባ የኖረ እስክሪብቶ ለሌላ ነገር ሲውል አይተው ለራሳቸው ሳቅ አሉ። ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ሳቃቸው እዚያው ቆመ።

የሳጥኑ ትንሽ መስኮት የምታሳየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነው። መዳፍም የሚይዘው እሱን ብቻ ነበር። አሁን ስክሪኑ ላይ ከመጨረሻው ቁጥር በፊት የነበሩ አርባ ሁለት ሌሎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ከነሰዓቱና ከነትርጉሙ። ሞተሩም፣ ሰሌዳውም፣ ፍሬኑም በየብልሽቱ መጨረሻ የሚመጡ ጩኸቶች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ያለው አንድ ነው፤ የአራተኛ ፎቅ የበር መቆለፊያ።

ስልካቸውን አንሥተው ለልጅቷ ደወሉ። “አራተኛ ፎቅ ውረጂና የሊፍቱን በር በእጅሽ ነቅነቅ አድርጊው።”

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልጅቷ ነቀነቀችው። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ብልጭ ብላ ጠፋች። እንደገና ነቀነቀችው፤ እንደገና ብልጭ አለች። ጋሽ መዳፍ የሊፍቱን ኃይል አጥፍተው ወረዱና መቆለፊያውን ፈቱት። ሽቦውን የምትይዘው ብሎን ላልታለች። ሊፍቱ በአራተኛው ሲያልፍ በተነቃነቀ ቁጥር ሽቦው ለቅጽበት ይለቅ ነበር። አንድ ዙር ተኩል አጠበቋት። ከዚያ በሩን ተደግፈው መሬት ተቀመጡ።

“ብሎን” አሉ። “አሥራ አንድ ቀን ሰው ያሰርኩት በብሎን ነው። ጤነኛውን ሁሉ ፈትቼ ስለውጥ እሷ እዚህ ላልታ ትስቅብኛለች።”

“እርስዎ ምን ያድርጉ ጋሼ? መጨረሻውን ብቻ እያዩ መጀመሪያውን ከየት ያውቁታል?”

“አታባብዪኝ። አላየሁም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሲያሳዩኝ መጫወቻ ነው ማለቴ ግን ጥፋት ነው። የጎረቤቴን ሞኝነት አይቼ በዕቃው ፈረድኩ። ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም፤ ሥራ በሌለው ሰው ኪስ መግባቱ ነው።”

ሊፍቱን ሃያ ጊዜ አመላለሱት፤ አልቆመም። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ቀሚሳቸውን ቀይረው፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ በራሳቸው እግር ገብተው ወረዱ። ጋሽ መዳፍ ደግሞ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄዱና የሆነውን ሁሉ ነገሩት። ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ሰማቸውና እንዲህ አለ፤

“ጋሽ መዳፍ፣ እርስዎም በዚህ ዕድሜዎ ተሸወዱ? ይህ የወጣቶች መጫወቻ ነው። ቁም ነገር የሚሠራ ዕቃ ቢሆን ሠራተኛ እጅ ላይ ባየሁት ነበር።”

የራሳቸው ቃል ነበር፤ አንድ ፊደል ሳይጎድል። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚያስጠላ ያን ጊዜ ሰሙት።

“ሠራተኛ እጅ ላይ ያላዩት ስላልሰጡት ነው” አሉ። “እኔ የጽሕፈት ቤቱን ኮምፒዩተር በዚህ ይቀየር አላልኩም፤ ለጸሐፊዋ ትልቁ ይሻላታል። እኔ የምጠይቀው መሰላል ላይ ለሚወጣ ሰው ነው። ኪሱ ገብቶ ሁለቱን እጁን የሚተውለት፣ ሳጥኑ ፊት ቆሞ የሆነውን ሁሉ ከመነሻው የሚያነብለት፣ ማሽኑ ሲሠራ አብሮ የሚያይለት ይፈልጋል። እንዲያ ሲሆን ጤነኛ ዕቃ አይፈታም፤ አሥራ አንድ ቀን አንድ ሰዓት ይሆናል፤ የታመመ ሰው ቀጠሮው አያልፈውም። አይ የሚሉ ከሆነ ቁም ሣጥንዎን ይክፈቱና ያንን ላፕቶፕ ይዘው አብረን መሰላሉን እንውጣ። እኔ ከታች ቆሜ እቀልብልዎታለሁ።”

ኃላፊው ተነሥቶ መስኮቱን አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። “ጥሩ፤ በጽሑፍ ያቅርቡና ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።”

“ከዚያ ቁም ሣጥን ወጥቶ ሠራተኛ ጋ የደረሰ ነገር አይቼ አላውቅም” አሉ ጋሽ መዳፍ፤ እስክሪብቶአቸውንም መዘዙ።

ከቀዶ ሕክምናው በሁለተኛው ቀን የእትዬ ዓይን ፋሻ ተፈታ። ወደ ቤት ሲመለሱ ሦስቱም ሊፍቱ ውስጥ ገቡ። ጋሽ መዳፍ በአራተኛው ሲያልፉ በልማድ ጆሯቸውን አቀኑ፤ ምንም የለም። እትዬ ደግሞ ሁሉን ነገር እያዩ ነበር፤ የቁልፎቹን ቁጥር፣ የልጃቸውን ጸጉር፣ የወንድማቸውን ሽበት። ድንገት የወንድማቸውን ግራ እጅ ያዙና ገለበጡት።

“አሁንም? ይህ ደግሞ ምንድነው?” ብለው ራቅ አድርገው፣ ያለ መነጽር፣ ቃል በቃል አነበቡት። “‘ለጠጋኞች ለእያንዳንዳቸው አንድ የኪስ ኮምፒዩተር፣ እስከ ወሩ መጨረሻ።’ ከሥሩ ፊርማ አለ። የማን ነው?”

“የኃላፊው። አልወጣም ብዬ ስቆምበት ፈረመልኝ።”

“እጅህን ስትታጠብ ይጠፋላ።”

“ይጥፋ” አሉ ጋሽ መዳፍ። “ትናንትም ጠፍቶ ዛሬ ጠዋት እንደገና አስፈርሜዋለሁ። ነገም በሥራ መግቢያ ሰዓት እዚያው ነኝ።”