የእታለም ኬክ ቀማሾች

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ፀሐዩን ችላችሁ የቆማችሁ ወዳጆቻችን፣ የታላቅ እህቴን የሕይወት ጉዞ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ ስለ መረጠኝ በፊታችሁ ቆሜያለሁ። እኔ አፌን ስፈታ እታለም ብዬ ስለ ጠራኋቸው፣ እኔን ተከትሎ ቤቱ፣ ቤቱንም ተከትሎ ሰፈሩ በዚሁ ሲጠራቸው ኖሯል፤ ዛሬም በዚሁ እጠራቸዋለሁ። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝና የተንዛዛ ቢመስላችሁ ታገሡኝ። እሳቸው ቢሰሙት ኖሮ ረዝሟል ብለው ፊት ለፊት ይነግሩኝ ነበር፤ እናንተ ግን ጨዋዎች ስለ ሆናችሁ አትነግሩኝም።

እታለም ከጭነት መኪና ሾፌር አባታቸውና ቤት ውስጥ ልብስ ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን ጭነት ይዘው ከወጡ ቶሎ የማይመለሱ ሰው ስለ ነበሩ እናታችን ናፍቆታቸውን የሚያስታግሱት ምድጃው አጠገብ ነበር፤ ስፌቱን ወዲያ አድርገው ዱቄትና ቅቤ ያሻሉ፣ ሊጡን በሻይ ብርጭቆ አፍ ይቆርጣሉ፣ ከዚያም የኮት ቁልፍ አጥበው መሐሉ ላይ ይጫኑበታል፤ ብስኩቱም ሲወጣ ቁርጥ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ መስሎ ይወጣል። እናታችን ልጃቸውን በርጩማ ላይ አቁመው የመጀመሪያዋን ብስኩት ካስቀመሱ በኋላ፣ ምን እንደ ጎደላት ሳትነግሪኝ ሁለተኛ አታገኚም ይሏቸው እንደ ነበር እታለም ደጋግመው አጫውተውኛል።

እናታችን ግን ዕድሜ አልታደሉም። እታለም ገና ተማሪ፣ እኔም ድክ ድክ የምል ሕፃን ሳለሁ በድንገተኛ ሕመም ተለዩን። ከዚያ ወዲያ እታለም ደብተራቸውን ሳይጥሉ እኔን ማሳደጉንም ማድቤቱንም ተረከቡ፤ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ድስትና ልጅ። አባታችን ከመንገድ ሲመለሱ ይደሰቱ እንደሆነ ብለው ብስኩቱን ከነቁልፉ ምልክት ጋግረው ያቀርቡላቸው ነበር፤ አባታችን ግን ሐዘኑ ጎድቷቸው ስለ ነበር የቀረበላቸውን ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው በልተው ይነሣሉ እንጂ ጣፈጠም ከፋም ብለው አያውቁም። እታለም ከዚያ ቤት ይዘውት የወጡት ቁስል ይህ ዝምታ ነበር።

ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት እንዳጠናቀቁ በስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀጠሩ። በዚያም ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ገመዱን ካንዱ ቀዳዳ ነቅለው በሌላው እየሰኩ፣ ነጋዴን ከነጋዴ፣ እናትን ከልጇ፣ የተጣላውን ከባላንጣው ሲያገናኙ ይውሉ ነበር። አገር ምድሩ በሳቸው በኩል ሲያወራ እሳቸውን እንዴት ዋሉ የሚላቸው አልነበረም፤ መሥመሩ እንደ ተገናኘ የሳቸው ሥራ ያበቃል። ስለዚህ ከሥራ ሲወጡ ቀጥ ብለው ወደ ማድቤት ነበር። በመጀመሪያ ደመወዛቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ጫማና ሽቶ ሲገዙ እሳቸው የገዙት የኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ ነው፤ በዚህም ሲሳቅባቸው ቆይቶ፣ ኬኩ መሥሪያ ቤት ሲደርስ ሳቁ ቀረ።

ስለ ኬካቸው ሳልናገር ባልፍ ነፍሳቸው አትምረኝም። ቅቤና ስኳሩን በእንጨት ማንኪያ ሲመቱት ቢጫው ነጥቶ እስኪቀል ድረስ አይለቁትም፤ ክንድ ደከመኝ ማለት ማድቤታቸው ውስጥ ነውር ነበር። የሎሚ ልጣጭ ሲፍቁ ጣቶቻቸው ሳምንቱን ሙሉ ሎሚ ሎሚ ይላሉ። የብርቱካን ማርማላታ ሲያንተከትኩ የመስኮቱ መስታወት በእንፋሎት ይደበዝዝና የሰፈር ልጆች ከውጭ በኩል አፍንጫቸውን ይለጥፉበታል። ቀረፋ የተነሰነሰበት ጥቅል ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ማንም እንዲነካ ሳይፈቅዱ እጃቸውን አጣምረው ይቆሙና፣ እስኪያርፍ ጠብቁ፣ ደክሞታል ይሉናል። ዳቦ ይደክመዋል ወይ ብሎ የተከራከራቸው የመጨረሻው ይደርሰው ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በዚሁ በኬክ ሰበብ ነው። ሲጋግሩ የሚያዩዋት የጠረጴዛ ሰዓት ስለ ቆመችባቸው ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰዷት፤ ሰዓት ሠሪውም ሠርተው ከመለሱ በኋላ በትክክል መሄድ አለመሄዷን ለማየት እያሉ ቤት ድረስ ይመጡ ጀመር፤ የሚመጡትም ሁልጊዜ ኬክ ሊወጣ ሲል ነበር። ተጋብተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ፤ በሰላምና በመከባበርም ረጅም ዘመን ኖሩ።

በዚሁ ግቢ፣ ከኋላ ባለው ክፍል የባለቤታቸው ታላቅ እህት ይኖሩ ነበር፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ የሒሳብ መምህርት ነበሩ። የጎረቤቱን መጋረጃ፣ የልጆቹን ፀጉር አቆራረጥ፣ የሙሽሮችን አካሄድ ሳይፈርዱ የማያልፉ ስለ ሆኑ ሰፈሩ እትዬ ዳኛ ይላቸዋል። እታለም ሙሽራ ሆነው በገቡ ሰሞን የመጀመሪያውን ኬክ ለባላቸው ቤተ ዘመድ ሲያቀርቡ ሁሉም እጅ ያስቆረጥማል ብሎ ሲያሞግስ፣ እትዬ ዳኛ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አላመጡና ሥሩ አርሯል፣ መሐሉም አልበሰለም ብለው ሳህኑን አስቀመጡ። እታለም ማድቤት ገብተው አለቀሱ። አልቅሰው ሲያበቁ ግን ኬኩን ገልብጠው ቢያዩት እውነትም ሥሩ አርሯል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጦርነት ሰዓት ሆነ። እትዬ ዳኛ ማድቤት ውስጥ ካለችው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ይሰየማሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ይፈርዳሉ፤ እታለም ይሟገታሉ፤ ሰዓት ሠሪው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደ ሱቃቸው ይሸሻሉ። ስኳሩ በዝቷል፣ ቅቤው ቆይቷል፣ ይሄ ኬክ ነው ወይስ ትራስ፤ የማይባል ነገር አልነበረም። እትዬ ዳኛ አልፎ አልፎ ይበላል ካሉ ግን እታለም ሳምንቱን ሙሉ ሲያዜሙ ይሰነብታሉ። ሁለቱ ሴቶች ይጣላሉ ብለን እናዝን የነበርን ሰዎች፣ ነገሩ ፍቅር መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ዘመኑ ሲገፋ ስልኩ በራሱ የሚሠራ ሆነና እታለም ጡረታ ወጡ፤ ባለቤታቸውም ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሐዘኑ ሳይወጣላቸው ከባድ ትኩሳት ጥሏቸው ሲነሡ፣ ማሽተትና መቅመስ ጨርሶ ጠፍቶባቸው ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ምግብ አፋቸው ውስጥ ወረቀት ሆኖባቸው፣ ቫኒላው ውኃ ሆኖባቸው፣ በእጃቸውና በዓይናቸው ልማድ ብቻ እየተመሩ ይጋግሩ ነበር።

ወንድ ልጃቸው ለሥራ ወደ ሩቅ ከተማ ሊሄድ ሲል የስንብት ኬክ ሠሩ። ድሮ ስኳርና ጨውን የሚለዩት ጣታቸውን ነክረው በመቅመስ ነበርና፣ ያን ቀን ዕቃው ተምታቶባቸው በስኳር ፈንታ ጨው ጨመሩበት። ቤተሰቡ ተሰብስቦ በላ። አንድ ሰው አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ይሉኝታ ያዘን፤ ባል የሞተባትን ሴት ማን ያሳዝናል ብለን ውኃ እየጠጣን ዋጥነው፤ እጅዎ ይባረክ አልናቸው፤ ልጃቸውም የናቱ ሆድ እንዳይባባ ይጨመርልኝ አለ። እትዬ ዳኛ ጉልበታቸውን አሟቸው ዘግይተው ደረሱ፣ ቀመሱ፣ በመሐረባቸው ተፉትና፣ ይሄ ጨው ነው፣ እናንተ ሰዎች ምን ስትበሉ ነው የቆያችሁት አሉን። እታለም ያን ቀን ልባቸው የተሰበረው በጨው አልነበረም፤ ሁላችንን አንድ በአንድ አዩንና ሳህኖቹን አነሡ።

እትዬ ዳኛ እኛን አሰናብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ነገሩን ከእታለም አወጣጡ። ከዚያ ወዲያ የእታለም ምላስ እሳቸው ሆኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጡን በማንኪያ እየቀመሱ ጨምሪ፣ በቃ፣ ቀረፋው ቀደመ እያሉ፣ ሁለት የሸመገሉ ሴቶች ባንድ አፍ ይጋግሩ ነበር። በዚያ ዘመን የወጡት ኬኮች በሕይወታቸው ከሠሯቸው ሁሉ ይበልጡ ነበር ብል አላጋነንኩም።

እትዬ ዳኛ ሲሞቱ እታለም ከባለቤታቸው ሞት ይልቅ ተጎዱ፤ ይህን ስናገር ሰዓት ሠሪው ይቅር እንደሚሉኝ አምናለሁ። ሰው አልጠፋባቸውም፤ ጎረቤት ይመጣል፣ ዘመድ ይመጣል፣ ቀርቦለት ይበላል፣ መርቆ ይሄዳል። አንድ ጊዜ እታለም አስበውበት፣ ቅንጣት ስኳር ያልነካው ኬክ ጋግረው ለየቤቱ በሳህን ሰደዱ። ሳህኖቹ ሁሉ ታጥበው ከምስጋና ጋር ተመለሱ፤ እንዲያውም አንዷ ጎረቤት አሠራሩን አስተምሪኝ ብላ ላከች። እታለም ምድጃውን በጨርቅ ሸፈኑትና በእትዬ ዳኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በኋላ ይህን ሲያጫውቱኝ ቁጣ እንኳ አልነበራቸውም፤ ሰው ወድዶኝ ወድዶኝ ብቻዬን ተወኝ አሉኝ።

ምድጃው እንደ ተሸፈነ ብዙ ቆየ። ቤቱ የሚጣፍጥ ሽታ ቀርቶ የተዘጋ ክፍል ሽታ ይሸት ጀመር፤ እሳቸው ግን ያንንም አያሸቱትም ነበር። በመስኮቱ በኩል ለሚያልፈው ሁሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ግቡ ሲሏቸው የሚገቡት ጥቂቶች ነበሩ፣ የገቡትም ደኅና ነዎት ብለው፣ ደኅና ነኝ ተብለው ይወጣሉ።

ልባቸው መድከሙ በሐኪም ሲታወቅ፣ ፋርማሲ የምትሠራው ሴት ልጃቸው ጓዟን ጠቅልላ እናቷ ጋ ገባች። እታለም ዕድሜያቸውን ሙሉ ማድቤታቸውን ለሰው ያልለቀቁ ስለ ነበሩ፣ ልጅት መድኃኒት እንጂ ኬክ ለክታ አታውቅም ነበር፤ ሆኖም እናቷን የምታስደስትበት ሌላ መንገድ ቢጠፋት የምድጃውን ጨርቅ ገፈፈችው። የመጀመሪያው ኬኳ መሐሉ ሰርጉዶ ወጣ። እታለም ትራስ ተደግፈው፣ አናቱን በጣታቸው ጫን አደረጉ፣ ሥሩን በጥፍራቸው ቆረቆሩና አርሯል አሏት። ልጅት ተቀየመች። በሚቀጥለው ሳምንት ደግማ ጋገረች። አሁን ቅመሽና ንገሪኝ አሏት። ጥሩ ነው አለቻቸው። ጥሩ ነው ማለትማ አልቀመስኩትም ማለት ነው፣ ምን ምን ይላል ብለው አፋጠጧት። ልጅት ብዙ አመንትታ፣ እያፈረች፣ እንቁላል እንቁላል ይላል እማዬ አለች። እታለም ያን ጊዜ ከትራሳቸው ቀና ብለው ሳቁ፤ እንዲያ ሲስቁ ካየናቸው ዓመታት አልፈው ነበር።

የመጨረሻዎቹን ወራት እናትና ልጅ እንዲህ አሳለፉ፤ አንዷ የምትቀምስ፣ አንዷ የምትመረምር፣ ሁለቱም የሚነታረኩ። እኔም ስጠይቃቸው ጠባቸውን ከበር እሰማና ደስ ብሎኝ እገባ ነበር። ሕመማቸው ሲጸና ሆስፒታል ገብተው በሐኪሞች ሲረዱ ቆዩ፤ በመጨረሻም ወደ ቤት መልሱኝ ስላሉ በራሳቸው አልጋ ላይ፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ።

እታለም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ እኔን ወንድማቸውንና በየቤታችሁ ሳህናቸው የደረሳችሁን እናንተን ሁሉ ትተው ሄደዋል። ብዙ ሰው አገናኝተው ራሳቸው ብቻቸውን የቀሩትን እኚህን ሴት፣ ፈጣሪ የሚያነጋግራቸው በማይጠፋበት ቤት ያሳርፍልን፤ ለኛም ለልጆቻቸውም መጽናናትን ይስጠን።

አንድ አደራ ግን አለብኝ። እታለም ከማረፋቸው በፊት ጠርተውኝ፣ በቀብሬ ቀን ልጄ ትጋግራለች፣ ቤቱ በሚያመሰግን ሰው ይሞላል፣ አንተ እውነቱን ንገራት፣ እንደኔ በሙገሳ ብቻ እንዳትተዋት ብለውኛል። ከዚህ ስንመለስ ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀናል። ዛሬ ጠዋት እያለቀሰች የጋገረችው ነው፤ ሁላችሁም ቀምሳችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ የተሰማችሁን ንገሯት። እኔ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ቀምሼዋለሁ። ስኳሩ አንሷል። ነገርኳት፤ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ሌላስ አጎቴ አለችኝ።